ወረዳ ሲበዛ አገልግሎት ይቀርባል ያለው ማነው?

በአስተዳደር ካርታችን ላይ የሚካሄደው ክርክር ሁለት ጎራ ብቻ ያለው ይመስላል። አንዱ ጎራ ክልሎቹን አፍርሰን ወደ ጠቅላይ ግዛትና ወደ አውራጃ እንመለስ ይላል። ሌላው ደግሞ መዋቅር መብት ነውና ለጠየቀ ሁሉ ይሰጠው ይላል። ጎራዎቹ በሁሉም ነገር ቢጣሉም በአንድ ጉዳይ ላይ ሳይማከሩ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ዓይናቸውን የተከሉት በክልል ወሰን ላይ ነው። ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫውን የሚያወጣበት፣ መምህሩ ደመወዙን የሚቀበልበት፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚካሰሱበት ወረዳ እንዴት እንደሚወለድ፣ በማን ውሳኔ እንደሚከፈልና መቀመጫው የት እንደሚሆን አጥብቆ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ የምሟገተው ስለዚህ ነው። ወረዳና ዞን በዚህ አገር በታወቀ መለኪያ የሚቋቋም ተቋም መሆኑ ቀርቶ በአቤቱታ፣ በእልህና አንዳንዴም በደም የሚገኝ ስጦታ ሆኗል። ሰጪው እንዳሻው ይሰጣል፣ እንዳሻው ይነፍጋል። ጥያቄው የማያልቀውም ስለዚህ ነው።

ሕገ መንግሥቱን እንክፈት። አንቀጽ 46 ክልሎች የሚዋቀሩት በሕዝብ አሰፋፈር፣ በቋንቋ፣ በማንነትና በሚመለከተው ሕዝብ ፈቃድ ላይ ተመሥርተው መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 47 የራሱን ክልል ለማቋቋም የሚፈልግ ብሔር የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ያስቀምጣል፤ በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ጥያቄውን በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ያቀርባል፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥም ሕዝበ ውሳኔ ይደራጅለታል። አንቀጽ 48 የወሰን ክርክር የሚዳኝበትን መንገድ ያመለክታል። ከክልል በታች ወዳለው እርከን ስንወርድ ግን የምናገኘው ዋና ድንጋጌ አንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ነው። ይኸውም ክልሎች አስፈላጊ ሆኖ ባገኙት እርከን እንደሚዋቀሩ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድም ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ የሚናገር ነው። አስፈላጊነቱ ለማን ነው? በምን ሚዛንስ ይለካል? መልሱ ለክልሉ ምክር ቤት ተትቷል። ምክር ቤቱ ደግሞ፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ፓርቲው የወሰነውን እጅ በማውጣት የሚያጸድቅ ጉባኤ ሆኖ ኖሯል።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚለኝ ቢኖር ታሪኩን እንዲያገላብጥ እጋብዘዋለሁ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፋፍሎ ሹማምንቱን ሁሉ ወደ ላይ ብቻ የሚያዩ አደረጋቸው። በ1958 ዓ.ም. ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር ለመስጠት የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀረ። ባለ መሬቶች የበዙበት ፓርላማ የአካባቢ ግብርን ለአካባቢ ምክር ቤት አሳልፎ ለመስጠት አልቸኮለም። አውራጃን ዛሬ በናፍቆት የሚያነሡ ወገኖች ይህችን ትእዛዝ ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም። ደርግም በ1975 ዓ.ም. የብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቁሞ ካስጠና በኋላ በ1980 ዓ.ም. በብሔራዊ ሸንጎው በኩል 24 የአስተዳደር አካባቢዎችንና 5 ራስ ገዝ አካባቢዎችን አወጀ፤ ጥናቱ በጦርነቱ ላይ ለውጥ ሳያመጣ ሥርዓቱ ወደቀ። የሽግግሩ መንግሥት በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 አሥራ አራት ክልሎችን አቋቋመ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወደ ዘጠኝ አወረዳቸው። በአባቴ ሣጥን ውስጥ ያሉት ወረቀቶች ያንኑ አንዱን ቤታችንን በጠቅላይ ግዛት፣ በክፍለ ሀገር፣ በአስተዳደር አካባቢና በክልል ስም ይጠሩታል። ቤቱ ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድም ያው ነው።

ስጦታ ነው ያልኩበትን ምክንያት በደቡብ ከሆነው በላይ የሚያስረዳ የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰሜን ኦሞ የሚባል አንድ ትልቅ ዞን ነበር። ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን ያቀፈ በመሆኑ የመማሪያ መጻሕፍቱን ወጪ ለመቆጠብ ይመስላል፣ አራቱን አዋሕዶ «ወጋጎዳ» የተባለ የትምህርት ቋንቋ ተፈበረከ። በ1991 ዓ.ም. በሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ዞኑ ራሱ ፈርሶ ሦስት ዞንና ሁለት ልዩ ወረዳ ሆነ። ሕዝቡ የጠየቀው ልጆቹ በማያውቁት ቋንቋ እንዳይማሩ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን የአስተዳደር እርከን ነው። የቋንቋው ጥያቄ በቋንቋ ፖሊሲ፣ የአስተዳደሩም ጥያቄ በአስተዳደር መለኪያ ለየብቻቸው ቢመለሱ ኖሮ ከዚያ የተማርነው ሌላ ትምህርት በሆነ ነበር። የተማርነው ግን ድንጋይ ሲወረወር ዞን እንደሚመጣ ነው።

ትምህርቱ አልተረሳም። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ያቀረበው የክልልነት ጥያቄ ሕገ መንግሥታዊው የአንድ ዓመት ጊዜ አልፎበት በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ ዘጠና ስምንት በላይ የሆነው ድምፅ ክልልነትን ደገፈ። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ተመሳሳይ ጥያቄ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አቀረበ፤ በጠየቀው መልክ ሕዝበ ውሳኔ ሳይደራጅለት ቀረ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ መሪዎች በስብሰባ ላይ እንዳሉ ታሰሩ፤ በአደባባይ የወጡ ሰዎችም ተገደሉ። በመጨረሻ በጥር 2015 ዓ.ም. ወላይታ ከሌሎች አምስት ዞኖችና ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር በአንድ ክልል ለመደራጀት ድምፅ እንዲሰጥ ተደረገ፤ የወላይታው ውጤት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ በሰኔ ተደገመ። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት ደግሞ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የራሱን ክልል ለመመሥረት ወስኖ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. «ክላስተር» የተባለውን አደረጃጀት በአብላጫ ድምፅ አልቀበልም አለ። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ያለ ምንም ሕዝበ ውሳኔ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ። የሕግ ባለሙያዎች «ሌሎቹ ሲወጡ የቀረው ነባሩ ክልል ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው» ብለው ያስረዱናል። ማብራሪያው በሕግ ቋንቋ ያስኬድ ይሆናል። ድምፁን የሰጠው የምክር ቤት አባል ግን ወደ መራጩ ሲመለስ ምን ብሎ ያስረዳ?

ስለ ወልቃይትና ስለ ራያ ለምን ዝም አልክ የሚለኝ አይጠፋም። የክልል ወሰን ጉዳይ ስለሆነ ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ወረዳው እንውረድ። በ1994 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ሲጀመር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። በጀት በቀመር ተደልድሎ በጥቅል ለወረዳው ይሰጣል፤ ወረዳው የራሱን ቅድሚያ ይወስናል። ዳሩ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ወረዳ መሆን ማለት የበጀት ቋት ማግኘት ማለት ሆነ። ቋቱ ሲመጣ የሥራ መደብ ይመጣል፤ የሥራ መደብ ሲመጣ ለተማሩት ልጆች ደመወዝ፣ ለመቀመጫዋ ከተማ የቤት ኪራይ፣ ለምግብ ቤቷ ደንበኛ ይመጣል። የገጠር ከተማ ወጣት ከመንግሥት በቀር ቀጣሪ በሌለበት አገር ወረዳ ስጡን ብሎ ቢጮህ ልንፈርድበት አይገባም። ስሌቱ ትክክል ነው። የተሳሳተው ይህን ስሌት ብቸኛ መንገድ ያደረገው ሥርዓት ነው።

አዲስ ወረዳ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለጥናት ስዘዋወር ደጋግሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚደርሰው ማኅተሙ ነው። ቀጥሎ ታፔላው ይሰቀላል። ዋና አስተዳዳሪ፣ ምክትል አስተዳዳሪ፣ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይሾማሉ። ከዚያ በኋላ ፋይናንስ፣ ግብርና፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ውሃ፣ መንገድ፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤት፣ ሲቪል ሰርቪስ፣ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ፣ ወጣቶችና ስፖርት፣ ኮሙኒኬሽን እያሉ መሥሪያ ቤቶች በኪራይ ቤትና በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ይደረደራሉ። ለሁሉም ወንበርና ኃላፊ ይሟላል፤ ለውሃው ጽሕፈት ቤት ግን የተበላሸ ፓምፕ የሚጠግንበት ተሽከርካሪ የለውም። የወረዳ በጀት ትልቁ ክፍል ድሮም ለደመወዝ የሚውል ነው። አንዱን ወረዳ ለሁለት ስንከፍለው የሚባዛው ደመወዙ ነው፤ ለሥራ ማስኬጃ የምትቀረው ትንሿ ገንዘብ ደግሞ ለሁለት ትከፈላለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት የሚነገረው ስለ ሹሙ ጠባይ ነበር፤ እኛ ግን ሹመቱን ራሱን ዋና ምርት አድርገነዋል።

ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው ነው። ወረዳ ሲከፈል የቀድሞው «እናት ወረዳ» ይባላል። መዝገቡ፣ የመሬት ፋይሉ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔው፣ የጡረታ ማስረጃው በእናት ወረዳ ይቀራል። ለአንድ የቤተሰብ ጉዳይ የቆየ የውርስ ውሳኔ ግልባጭ ፈልጌ በሄድኩ ጊዜ አዲሱ ወረዳ «ፋይሉ አልተረከብንም» አለኝ፤ እናት ወረዳው «እናንተ የዚህ ወረዳ ነዋሪዎች አይደላችሁም» አለኝ። እኔ ደብዳቤ መጻፍ የምችል፣ ስልክ የምደውልለት ሰው ያለኝ ሰው ነኝና ከሁለት ሳምንት በኋላ አገኘሁት። ከጎኔ ተቀምጠው ይጠብቁ የነበሩት እናት ያገኙ እንደሆነ አላውቅም። አገልግሎቱ ወደ ሕዝቡ ቀረበ የተባለው እንዲህ ነው።

ዞን የሚለው ቃል ደግሞ ከወረዳ የባሰ ሆኗል። በኦሮሚያ ዞን ማለት የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በቀድሞው ደቡብ ግን ዞን ምክር ቤት ያለው፣ የብሔረሰብ ራስ አስተዳደር መገለጫ ነው። አንድ ስም ለሁለት ፍጥረት! ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው መልአክ ሥራ በዝቶበት ነበር ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ደግሞ አምስቱ ልዩ ወረዳዎች ወደ ዞንነት አደጉ፤ አሪም ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ ዞን ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቡርጂ ከ60 ሺሕ ያነሰ ሕዝብ ነበረው፤ ወላይታ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል። ዛሬ ሁለቱም ዞን ይባላሉ። ቡርጂ የራሱ አስተዳደር አይገባውም ማለቴ አይደለም፤ በቋንቋው የመዳኘትና የመማር መብቱ ከማንም አያንስም። መብቱን ለማክበር ግን የሚሊዮን ሰው አስተዳደርን ቅርፅ ማልበስ አስፈላጊ ነው ወይ? በሌላ በኩል ይኸው ክልል የመንግሥቱን መቀመጫ በስድስት ከተሞች አከፋፍሎ ወላይታ ሶዶን፣ አርባ ምንጭን፣ ዲላን፣ ጂንካን፣ ሳውላንና ካራትን ባለድርሻ አድርጓል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልልም ከዚያ ቀደም ብሎ አራት መቀመጫ ይዞ ነበር የተወለደው። ከተሞቹ እንዳይቀያየሙ ታስቦ ይሆናል። ባለጉዳዩ ግን ቢሮ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚጓዝበትን የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጠው ከራሱ ኪስ ነው።

ይህ ሁሉ ሲቆረጥና ሲሰፋ ስንት ሰው እንዳለን በትክክል ተቆጥሮ አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ተከታዩ ደጋግሞ ሲተላለፍ ቆይቶ በሰኔ 2011 ዓ.ም. እንደገና እንዲራዘም ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የተፈጠሩት ክልሎች፣ ዞኖችና ወረዳዎች ሁሉ የተቀረጹት በአሮጌ ቁጥር ላይ በተሠራ ግምት ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ ሜትሩን ሳያወጣ ጨርቁን አይቀድም።

ጉዳዩ የደቡብ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ምክር ቤት ጨፌው ከጉጂ፣ ከቦረናና ከባሌ ዞኖች ወረዳዎችን አውጥቶ ምሥራቅ ቦረና የሚባል ዞን አቋቋመ፤ ነገሌን መቀመጫው አደረገ። በጉጂ በኩል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ሁሉም ወገን ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፣ ክልሉም አንድ ነው። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከብሔር ፌዴራሊዝም ነው ለሚሉ ወዳጆቼ ይህ ምሳሌ አይመቻቸውም። የግጦሽ መሬት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ የከተማ ባለቤትነትና የዞን መቀመጫ ጥያቄ ቋንቋ አንድ ሲሆን አይጠፋም። ጠቅላይ ግዛቱን ነገ ጠዋት ብንመልሰው አውራጃው የት ይቀመጥ የሚለው ጠብ ከነገ ወዲያ ይጀመራል። መዋቅር ሁሉ መብት ነው ለሚሉትም ያው ምሳሌ አይመቻቸውም፤ የአንዱ ዞን መብት የሌላውን ዞን ከተማ ወስዶ የሚሟላ ከሆነ መብት የሚለው ቃል ብቻውን አይዳኝም፤ ሚዛን ያስፈልጋል።

የአዲስ አበባ አንባቢ ይህ የገጠር ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን እንዳያልፈው። ከፍተኛና ቀበሌ የነበረው ከተማ በ1995 ዓ.ም. አሥር ክፍለ ከተማ ሆነ፤ በኋላም የቀበሌ ስም በወረዳ ተተካ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨመረ። የከተማው ሰው ግን እስከ ዛሬ «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» ይላል። በየለውጡ መታወቂያ ሲቀየር፣ ካርታ ሲታደስ፣ ፋይል ሲጓጓዝና ሲጠፋ የኖረው እሱ ነው፤ ለውጡን አስመልክቶ ግን ማንም ድምፁን የጠየቀው የለም።

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ ምን አደረጉ? ሩቅ ሳንሄድ ኡጋንዳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሠላሳ ሦስት ገደማ የነበሩት ዲስትሪክቶቿ ዛሬ ከ130 በላይ ሆነዋል። ምርጫ ሲቃረብ አዲስ ዲስትሪክት ቃል መግባት እዚያ የተለመደ ዘዴ መሆኑን የራሷ ምሁራን ደጋግመው ጽፈዋል። በተቃራኒው ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2002 ኮሚሽን አቋቁማ፣ ሪፖርቱን በ2004 ለሕዝብ ይፋ አድርጋ፣ ሃያ ሺሕ ነዋሪ የሚል ወለል አስቀምጣ፣ ማን ከማን ጋር ይዋሐድ የሚለውን በመጀመሪያ ለማዘጋጃ ቤቶቹ ራሳቸው ትታ፣ በ2007 ከ271 ወደ 98 አወረደቻቸው። ዴንማርክ ኢትዮጵያ አይደለችም፤ አውቃለሁ። በመንገድ የተሳሰረች ጠፍጣፋ አገር ናት፤ እኛ ገደል አቋርጠን ፍርድ ቤት የምንሄድ ሰዎች ነን፤ ስለዚህም እንደሷ እንጠቅልል አልልም። ልንወስደው የሚገባን ቅደም ተከተሉን ነው። መለኪያው ቀድሞ ይታወቃል፣ ጥናቱ ከውሳኔው በፊት ይታተማል። እኛ ዘንድ ጥናት የሚታዘዘው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ላይ እንድሳተፍ ተጋብዤ መደምደሚያው በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ተጽፎ አንብቤያለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሕግ ነው። ወረዳና ዞን የሚከፈልበት፣ የሚዋሐድበትና መቀመጫው የሚወሰንበት አዋጅ ይውጣ። አዋጁ የሕዝብ ብዛትን ብቻ ሳይሆን ባለጉዳዩ በእግሩ የሚጓዘውን ሰዓት፣ የአካባቢውን ገቢና በኋላም ሊተርፍ የሚችለውን የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ይመዝን። የሚከፈለው ወረዳ ቀበሌዎች ነዋሪ በምሥጢር ድምፅ ይጠየቅ፤ የሚወጣውም የሚቀረውም። የመቀመጫ ጥያቄ ከመከፈል ጥያቄ ተለይቶ ይወሰን። ማኅተም ከመቀረጹ በፊት የፋይል፣ የዕዳና የንብረት ርክክብ ይጠናቀቅ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አገልግሎትን ከመቀመጫ እንለይ። ተዘዋዋሪ ችሎት በአገራችን የታወቀ አሠራር ነው፤ ዳኛው በቀጠሮ እየሄደ ያስችላል። የመሬት መዝገብም፣ የልደት ምዝገባም፣ የእንስሳት ሕክምናም በዚያው መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። ከወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ የራቀ ቀበሌ የሚፈልገው በወር ሁለት ቀን የሚመጣ ዳኛና ሁልጊዜ የሚነሣ አምቡላንስ ከሆነ፣ ሃያ ኃላፊ ልከን አምቡላንሱን መከልከላችን ምን የሚሉት ቀልድ ነው?

ይህን የመሰለ አዋጅ የፌዴራሉ ፓርላማ ሊያወጣው አይችልም የሚል የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ የውስጥ አደረጃጀት የክልሎች ሥልጣን ነውና ትክክል ነው። እንግዲያውስ ክልሎቹ ያውጡት። ብዙ ወረዳ ያላቸው ኦሮሚያና አማራ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ አዲሶቹ ክልሎችም ሕገ መንግሥታቸው ገና ትኩስ ስለሆነ ለማሻሻል ይቀልላቸዋል። በአዋጁ አባሪ ላይ ደግሞ ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተፈጠረ እያንዳንዱ ወረዳና ዞን ስሙ፣ የተቋቋመበት ቀን፣ ማን እንደጠየቀው፣ በምን ምክንያት እንደተፈቀደና የእናት ወረዳው ፋይል ተላልፎለት እንደሆነ ተዘርዝሮ ይታተም።